ከምርቃቱ በታች

ብሉ ክሪክ፣ ካንሳስ
ማርች 8 ቀን 1971 እ.ኤ.አ.

ለውድ እህቴ ለሉዌላ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። እንደምን ከርመሻል? የዋሽንግተን ብርድ ቀለለልሽ ወይ? እኛ ጋ ስንዴው ከበረዶው ሥር ብቅ ብቅ ብሏል። ቀይዋ ላም መንታ ወልዳ አንዱ ሞተባት። ሄርማን ወገቡን ያመዋል እንጂ ደህና ነው፤ እኔም ተመስገን አለሁ። ለገና የላክሽልኝ ሻርፕ ደርሶኛል። ቀለሙ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ይጮሃል፤ በረት ስገባ እለብሰዋለሁ፣ ላሞቹ እስካሁን አልተቆጡም።

መልሴ የዘገየው ረስቼሽ አይደለም። "ዊሊስ የት ነው? ስሙን ማንሳት ከተውሽ ቆየሽ" ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ ትቻለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ልጄ ወታደር ሆኗል።

አዎ፣ የእኛው ዊሊስ። እምነታችን ስለሚከለክል ከእኛ ጉባኤ ጠመንጃ የያዘ ከቅድመ አያት ጀምሮ የለም። መንግሥት ሲጠራቸው ልጆቻችን እምነታቸውን ተናግረው፣ በውትድርናው ፋንታ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ አልጋ አንጥፈው ይመለሳሉ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። የጎረቤታችን የኦሃራ ልጅ ሮኒ ከቬትናም በሣጥን ከመጣ ወዲህ ግን ዊሊስ ሌላ ሰው ሆነ። "እኔ በእምነቴ ስቀር በእኔ ፋንታ የሚሄድ አለ። ሮኒ የሄደው በማን ፋንታ ነው?" ብሎ አባቱን ጠየቀው። ሄርማን "ከማዕዴ ተነሳ!" አለው። ተነሳ። ይኸው ሄርማን ከዚያ ወዲህ የልጁን ስም አይጠራም። ወንበሩን ግን ከጠረጴዛው አላነሳውም፤ እኔም አልነካሁትም።

አሁን ካሊፎርኒያ ካምፕ ውስጥ ነው። በጋ ላይ ወደ ቬትናም ይጭኗቸዋል እየተባለ ነው። በየሳምንቱ እጽፍለታለሁ፣ እመርቀዋለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? የፖስታው መኪና አቧራ ሲያስነሳ ባየሁ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ ወደ በር እሮጣለሁ። ፈርቻለሁ ሉዌላ።

አንድ ነገር ንገሪኝ። አንቺ የእንደራሴያችን የሚስተር ሃልደን ደብዳቤ ከፋች ነሽ። የሮኒ እናት "ለጦርነቱ ገንዘብ የሚፈቅዱትና የሚከለክሉት እንደራሴዎቹ ናቸው" አለችኝ። ሰው ቢጽፍላቸው ያነባሉ? እኛ በምርጫ ድምፅ የማንሰጥ ሰዎች ነን፣ ለባለሥልጣን ጽፈንም አናውቅም። ከፈራሁ ወዲህ ግን የማላስበው ነገር የለም።

እህትሽ ኤልዳ


ዋሽንግተን
ማርች 19

ውድ እትዬ ኤልዳ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ዊሊስን አቅፌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ምን ልበልሽ። አይዞሽ ልልሽ ፈልጌ ለራሴም አይዞሽ ባይ አጣሁ።

ይህን አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው። ቢሮ እንዳትደውዪ ደግሞ! የእናንተ ስልክ ስምንት ቤት የሚጋራው መስመር ነው፤ አንዷ ስታነሳ ሰባቱ ጆሯቸውን ይደቅናሉ። እኔ የዚያ አገር ልጅ መሆኔን እዚህ ማንም አያውቅም። ከቢሮ ወሬ አወጣች ከተባልኩ በዚያው ቀን ደጅ ነኝ።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስልሽ። ሚስተር ሃልደን አያነቡም፣ የምናነበው እኔና ፓትሪሻ የምትባል ልጅ ነን። ሦስት ሣጥን አለን፤ አንዱ ጦርነቱን የሚደግፉ፣ አንዱ የሚቃወሙ፣ አንዱ የሌላው ሁሉ። አርብ አርብ ቆጥረን እንሰጣቸዋለን፤ ያንን ቁጥር የሐኪም ውጤት እንደሚጠብቅ በሽተኛ ነው የሚያዩት። ባለፈው ምርጫ ለጥቂት ነው የተረፉት። የገንዘቡ ሕግ ጁን ላይ ድምፅ ይሰጥበታል። ገንዘቡ ከተከለከለ አዲስ ጦር አይጫንም ይላሉ እዚህ።

ከእናንተ ዘንድ አንድም ደብዳቤ መጥቶ አያውቅም። "እነዚያ ሰዎች ስንዴ ይዘራሉ፣ ይዘምራሉ፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ምንም አይጠይቁኝም፤ ሁሉም ሰው እንደነሱ በሆነልኝ!" እያሉ ይስቃሉ። እንግዲህ ጠይቋቸው! ጎረቤትሽን፣ የስፌት ማኅበሩን፣ ሁሉንም አስጽፊ። እያንዳንዱ በገዛ እጁ ይጻፍ።

የእኔን ስም ብቻ አታንሺ። ፈሪ በዪኝ፣ ግድ የለም።

ታናሽሽ ሉዌላ


ብሉ ክሪክ
ኤፕሪል 22

ለውድ እህቴ ለሉዌላ፣

የጌታ ጸጋ ይብዛልሽ። ደብዳቤሽን እንዳልሽው አቃጥዬዋለሁ፤ ሄርማን "ምን ይሸታል?" ቢለኝ "ዳቦ አረረ" አልኩት። ይኸው ላንቺ ስል ዋሸሁ።

"የጉባኤያችሁ መሪ ሽማግሌ ቮት ሲሰሙ ምን አሉ?" ብለሽ ነበር። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሐሙስ ዕለት የስፌት ማኅበሩ ለስደተኞች የሚላከውን ብርድ ልብስ ከቦ ተቀምጧል። "እህቶቼ፣ ለሚስተር ሃልደን ብንጽፍስ?" አልኩ። መርፌው ሁሉ ቆመ።

"ለቄሣር? ኤልዳ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?" አለች ሱዚ። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማሽም?"

"ልጄን ሊወስዱብኝ ነው፤ እንኳን ዝንብ ንብ ይግባበት!" አልኳት። በኋላ አፈርኩ፣ ግን ከአፌ ወጣ።

የሽማግሌ ቮት ሚስት ቴና ክሯን በጥርሷ በጥሳ ቀና አለች። "እግዚአብሔርን ጠዋት ማታ እንለምን የለ? ሰውዬው ከእግዚአብሔር ይበልጣል እንዴ እሱን የማንለምነው?" አለች። ከዚያ በኋላ ማን ይናገር!

ማታውኑ ሽማግሌ ቮት መጡ። ሥልጣን ከእግዚአብሔር ነው፣ ባለሥልጣንን ማዘዝ አይገባም አሉኝ። መለመን ግን ነውር የለውም፤ በአክብሮት ከተጻፈ አልከለክልም አሉ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ሱዚ "እባክዎ ያቁሙልን" ብላ የጻፈችውን ሰርዘው "ቢያስቡበት" አደረጉላት። አርባ ሦስት ሆኑ! እንዴት ያሉ ያማሩ ደብዳቤዎች መሰሉሽ! ዕንባዬን እየጠረግሁ ነው ፖስታ ያሸግሁት።

ዊሊስ ጽፎልኛል። ደህና ነኝ፣ ከስቻለሁ ይላል። "እማዬ፣ ምርቃትሽ ያበረታኛል" ብሏል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያቺን ነገር ደጋግሜ ባነባትም ደስ አላለኝም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እህትሽ ኤልዳ


ዋሽንግተን
ሜይ 14

ውድ እትዬ ኤልዳ፣

እንደምን አለሽ? ሄርማን ወገቡን ተሻለው? የቀይዋ ላም ጥጃ አደገ? እዚህ ዛፉ ሁሉ አብቧል፤ ጫማ ገዛሁ፣ ይጠበኛል። የቤት አከራዬ ድመት ወልዳለች።

ስለ ድመት የምጽፍልሽ ዋናውን ነገር መናገር ስላቃተኝ ነው። "ደርሰዋል ወይ?" እያልሽ ሦስቴ ጠይቀሽኛል፣ ዝም አልኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤዎቹ ደርሰዋል። አርባ ሦስቱም የገቡት ጦርነቱን ከሚደግፉት ሣጥን ነው።

ቁጭ ብለሽ አንብቢው እባክሽ። ቀኑን ሙሉ በመቶ የሚቆጠር ፖስታ ነው የምንከፍተው፤ የላዩን መስመር አይተን ነው የምንወረውረው። የእናንተ ደብዳቤ ፓትሪሻ እጅ ገባ። "ክቡር ሆይ፣ እግዚአብሔር የጀመሩትን ይባርክልዎ፣ ክንድዎን ያበርታልዎ፣ እኛ ታናናሾቹ ዘወትር በጸሎት ከጎንዎ ነን" ይላል። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው! "ወይ ደግ ሰዎች!" እያለች ከደጋፊው ሣጥን ትጨምራለች። አላስቻለኝም፣ "እስቲ እስከ ታች አንብቢው" አልኳት። "ታችማ ምን አለው? ጊዜ ካገኙ ስለ ሰላም ቢያስቡበት ይላል። ሰላም የሚጠላ ማን አለ? እሳቸውም በጦርነቱ ሰላም እናመጣለን ነው የሚሉት" አለችኝ። ከዚያ በላይ ብናገር ትጠረጥረኛለች ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ጉዱ ገና አላለቀም። ሚስተር ሃልደን ደብዳቤዎቹን ይዘው ጋዜጠኞች ፊት ቆሙ። "ጠመንጃ የማይነኩት እንኳ ክንድህ ይበርታ አሉኝ!" አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ቆሜ እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ።

እትዬ፣ ጊዜ አለን። እንደገና ጻፉ። "ለጦርነቱ ገንዘብ አይስጡ" በሉ፤ ከላይ፣ ከሰላምታ በፊት። ምርቃት የለም፣ ታናናሾቹ የለም፣ ቢያስቡበት የለም። በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ።

ሉዌላ


ብሉ ክሪክ
ጁን 3

ለውድ እህቴ ለሉዌላ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን በረት ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፣ ባልዲው ከእጄ ወደቀ። ሰውዬው ስንለምነው የመረቅነው መስሎት! እንዲያውም ምን መስሎት፣ መርቀነዋል እንጂ! በገዛ እጄ ልጄን ገፋሁት ብዬ ጮህኩ፤ ሄርማን ሮጦ መጣ። ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ ወደ ስንዴው ሄደ።

"ሴቶቹ እሺ አሉ?" ብለሻል። ተይኝ እስቲ! ለሱዚ "አይስጡ ብለሽ ጻፊ" አልኳት፣ ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን አየችውና ራቁቷን አደባባይ የቆመች ይመስል ፊቷ ቀላ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እግዚአብሔር ይባርክዎ" ብላ ጨመረችበት! ሌላዋ ሦስት ወረቀት አበላሸች፤ እጄ እምቢ አለ ትላለች። እኔስ? እኔም የጻፍኩት "በትሕትና" ብሎ ይጀምራል።

እንዲህ ስንጨነቅ ሽማግሌ ቮት ገቡና "አይስጡ" የሚለውን አዩ። "ከዚህ ጉባኤ ከእንግዲህ አንድ ደብዳቤ አይወጣም" አሉ። "ኤልዳ፣ እምቢ ካልሽ ከማዕድ ትለያለሽ።" ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሄርማን እንኳ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አይበላም ማለት ነው። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ቴና ተነሳች። መጽሐፍ ቅዱሷን አውጥታ "ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን፤ ከእነዚህም የወጣ ከክፉው ነው" ብላ አነበበች። "እኛ ሸንጎ ፊት የማንምለው በዚህ ቃል አይደለም እንዴ? እንግዲያው ይሄ ሁሉ ክንድዎን ያበርታ ከየት መጣ? አይደለም ማለት ሲገባን የጨመርነው ሁሉ ከክፉው ነው!"

"ቴና!" አሉ ሽማግሌው።

"ምን ቴና ቴና ትለኛለህ! ይህን ጥቅስ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ዛሬ ገና ገባኝ" አለቻቸው።

ሽማግሌ ቮት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ላኩም አላሉ፣ አትላኩም አላሉ። ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ።

እና ላክን። በፖስታ ካርድ ነው፣ ምርቃት የሚጻፍበት ቦታ እንዳይኖረው ብለን። "ለጦርነቱ ገንዘብ? አይሆንም፣ አይሆንም" ይላል፤ ከሥሩ ስም። እኔ ስጽፈው ላብ አጠመቀኝ። ከመካከላቸው የሄርማን አለበት፤ ሳይነግረኝ ነው የጻፈው፣ ብዕሩ ካርዱን ቀዶታል።

ዊሊስ የሚጫነው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። በስልክ ደውዬ ልሰናበትሽ ብሏል።

በደብዳቤሽ ጥግ ላይ በእርሳስ የጫርሽውንም አይቻለሁ፤ "ለዊሊስ ምን ብለሽ ነው የምትጽፊለት?" ነው ያልሽኝ? እናት ለልጇ የምትጽፈውን ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ተይኝ።

ኤልዳ


ዋሽንግተን
ጁን 18

እትዬ ኤልዳ፣

ይህን ከእኔ ሳትሰሚ ከራዲዮ እንዳትሰሚው እየተጣደፍኩ ነው። ሚስተር ሃልደን ገንዘቡን ተቃወሙ። ሌሎቹ ግን ደገፉና በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። አለፈ እትዬ። ያንቺ ጥፋት የለበትም፣ የአንዳችሁም የለበትም፤ ግን አለፈ።

ካርዶቹ ሲመጡ ፓትሪሻ ግራ ገባት። "እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? በቀደም መርቀውን አልነበረም?" አለች። "ያኔም እምቢ ነበር ያሉት" አልኳት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። "በምን አወቅሽ?" አለችኝ። "አገሬ ነው" አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ሚስተር ሃልደን ካርዶቹን ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው አስጠሩኝ። "የኔ ቢሮ ሰው ነው ያስተማራቸው። አንቺ ነሽ?" አሉኝ። ስንት መልስ አዘጋጅቼ ነበር መሰለሽ! በየሌሊቱ ነው የተለማመድኩት። እዚያ ስቆም ግን "አዎን" ብቻ አልኩ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ሄደው የተቃወሙት። ሰው ግራ ነው። እኔ አሁን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ማን ሊመጣብኝ እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

ተቆጥተሽ ያልመለስሽልኝን ጥያቄ ግን አልተውኩትም። ዊሊስ ደብዳቤዎችሽን ይከፍታል፣ የላዩን መስመር ያነባል። እትዬ፣ አንቺን የትኛው ሣጥን ውስጥ ነው ያስገባሽ?

ሉዌላ


ብሉ ክሪክ
ጁን 29

ሉዌላ፣

ነይ። ክፍሉን ልቀቂና ነይ።

ዊሊስ አልተጫነም። ታስሯል።

ሰላምታ ያልጻፍኩልሽ የተቆጣሁ እንዳይመስልሽ። ተቆጥቼስ ነበር። የጥያቄሽን ወረቀት ጨምድጄ ምድጃ ውስጥ ከጣልኩት በኋላ ነው ያቃጠለኝ። የጻፍኩለትን ሁሉ በሐሳቤ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይከተልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ እጅህን ያበርታልህ። አንዲት "አትሂድ" የለችበትም። ያውቃል ብዬ ነዋ! እናት መሆኔን ያውቃል ብዬ። ካርድ እንዳልልክ ጊዜው አልፏል፣ የሚደውልበትን ቀን መጠበቅ ብቻ ቀረኝ። ዳቦ ስጋግር ስልኩ ስር፣ ልብስ ስተኩስ ስልኩ ስር ሆንኩ። ጨው የረሳሁበትን ሾርባ ሄርማን ዝም ብሎ በላ።

ሊጫኑ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ለእራት ስንቀርብ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ይሰማኛል፤ ጎረቤቱ ሁሉ አነሳ ማለት ነው። ይስሙ አልኩ።

"እማዬ፣ ልሰናበትሽ ነው" አለኝ።

አፌ በልማዱ "እግዚአብሔር" ብሎ ጀመረ። ዋጥኩት። "ዊሊስ፣ አትሂድ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"አትሂድ። አልፈልግም። ከመጀመሪያውም አልፈለግሁም።"

ከዚያ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "እማዬ፣ አሁን ነው የምትነግሪኝ? አባዬ ሲያባርረኝ አንቺ የወደድሽልኝ መስሎኝ ነበር እኮ። ደብዳቤሽን ለጓደኞቼ አነብላቸው ነበር፤ እናቴ ከእኔ ጋር ናት እያልኩ።" ድምፁ እንደ ልጅነቱ ተሰበረ። ሉዌላ፣ ከደጋፊዎቹ ሣጥን ነበርኩ። እኔ፣ እናቱ!

ሄርማን ስልኩን ከእጄ ወሰደው። "ዊሊስ" አለ። ስሙን ጠራው። "አባትህ ነኝ። ወንበርህ ቦታው ላይ ነው። አትሂድ።" ሌላ አልጨመረም፣ ሌላም አያውቅ።

"አባዬ፣ የሮኒስ ነገር?" ሲል ሰማሁት። ሄርማን ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋው። ያን ጊዜ ከመስመሩ ላይ አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠራረገች። የሮኒ እናት ናት። "ልጄ፣ በሮኒ ፋንታ ሂድልኝ ያለህ የለም። እኔ አላልኩህም። አትሂድ" አለችው። ከዚያ ቴና፣ ከዚያ ሱዚ። ሁሉም አንዳንድ ቃል አሉ፣ ማንም አልመረቀም። ዊሊስ ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ እሺም እምቢም ሳይለን ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርሽም፤ ያልጮኸ ስልክ እያዩ መኖር ምን እንደሆነ ጠላትሽም አይወቀው። ይኸው ዛሬ ካርድ መጣ። "እማዬ፣ አይሆንም አልኳቸው። አስረውኛል። አትፍሪ" ይላል።

እፈራለሁ እንጂ እንዴት አልፈራ! ስንት ዓመት እንደሚፈርዱበት የሚያውቅ የለም። እስር ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም። ከወንበዴ ጋር ይሆን? ያበሉት ይሆን? ልጄ ታስሮ ተመስገን የምል እናት ሆኛለሁ፤ ይህን ለማን ይነግሩታል? ሄርማን ነገ ማለዳ ወደ ካሊፎርኒያ ይነዳል፣ ሽማግሌ ቮት አብረውት ይሄዳሉ። ስንዴው ደርሷል፣ የሚያጭድ ሰው የለንም። ለዚህም ነው ነይ የምልሽ።

ለምርቃቱ ደግሞ አትቸኩዪ። ስትመጪ በር ላይ ቆሜ በአፌ እመርቅሻለሁ።

ኤልዳ